«ዕድል እንጂ ሌብነት አይደለም»፦ ስለ ገንዘብ ወንጀልና ስለ ማኅበራዊ ሚዲያ የአንባቢያን ጥያቄዎች

ስለ ባንክ፣ ስለ ቴሌግራም «ኢንቨስትመንት» እና ስለ ኢንስታግራም ሀብታሞች ከደረሱን ደብዳቤዎች ስድስቱን መርጠናል። ረዘም ያሉትን አሳጥረናል፤ የጠያቂዎችን ስም ትተናል።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነኝ። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት በተበላሸበት ሌሊት ብር ያወጡ ልጆች ዛሬም ነገሩን ሲያነሱት እየሳቁ ነው። የጓደኛውን ስልክ ሰርቆ የተያዘ ተማሪ ግን ግቢውን ለቆ እስከመሄድ ያፍራል። እንዲህ የሚያስቡት ያው ልጆች ናቸው። ምን ነካቸው? በሕግስ ነገሩ ምን ይባላል? (ከጅማ)

መልስ፦ ዓርብ መጋቢት 6 ለቅዳሜ አጥቢያ በባንኩ ሥርዓት ላይ የጥገናና የፍተሻ ሥራ እየተካሄደ ሳለ ችግር ተፈጠረ። ደንበኛው ሂሳቡ ላይ ይኑረው አይኑረው ሳይጣራ ከኤቲኤም ማውጣት፣ በመተግበሪያም ወደ ሌላ ሂሳብ ማዛወር ተቻለ። ከሌሊቱ 6 እስከ 8 ሰዓት ወሬው በስልክና በመልእክት መላላኪያ ከዶርም ወደ ዶርም ዞረ፤ ኤቲኤሞቹ ፊት ሰልፍ ሆነ፤ ፖሊስ መጥቶ ያስቆመበት ግቢም ነበር። የባንኩ ፕሬዚዳንት አቶ አቤ ሳኖ ለጋዜጠኞች ማብራሪያ የሰጡት ሰኞ ነው። በመሀሉ ባሉት ሁለት ቀናት ነገሩን «የዓመቱ ዕድል» ብሎ የሰየመው ቀልዱ ነው፤ ቀድሞ የወጣ ስም ደግሞ በመግለጫ አይፋቅም።

የስልኩ ሌባ ያፈረው ስልኩ የጠፋበት ልጅ አጠገቡ ስላለ ነው። ከ38 ሚሊዮን በላይ ሂሳብ ያለው ባንክ ግን አልቅሶ አይታይም። ሰልፉም የራሱን ሥራ ሠርቷል፤ ሃምሳ ሰው ተሰልፎ ሲያዩ «ወንጀል ቢሆን ይህ ሁሉ ሰው ይቆማል?» ማለት ይመጣል። ብዙ ሰው ያላስተዋለው ሦስተኛው ነገር ቁጥሩ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት «2.4 ቢሊዮን ብር ተዘረፈ» እየተባለ ተሰራጨ። ባንኩ በኋላ እንዳብራራው ግን ይህ በእነዚያ ሰዓታት የተካሄደው ጠቅላላ የገንዘብ እንቅስቃሴ ነው፤ አብዛኛው የዘወትር ሕጋዊ ዝውውር ነበር። አላግባብ የተወሰደው 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ነው። ልዩነቱ የሒሳብ ብቻ አይደለም። ቢሊዮን የሚል ወሬ የሰማ ልጅ የእሱ 20,000 ብር ከማዕድ የወደቀ ፍርፋሪ መስሎ ይታየዋል። የተጋነነ ቁጥር ሼር ያደረገ ሁሉ፣ ሳያስበው፣ የጥፋተኛውን ሸክም አቅልሎለታል።

ሁሉንም በቲክቶክ ላይ መደፍደፍም ልክ አይሆንም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት ኢንተርኔት ሳይመጣ የነበረ ነው። ስልኩ የጨመረበት ፍጥነትንና ጭብጨባን ነው።

ወደ ሕጉ ስንመጣ፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ከቁጥር 2162 ጀምሮ ባሉት ድንጋጌዎች መሠረት ያለአግባብ የበለጸገ ሰው ይመልሳል፤ «ስህተቱ የባንኩ ነው» ማለት ዕዳውን አያወርድም። በወንጀል በኩል የሚመረመረው ሐሳቡ ነው፤ ሰውየው ገንዘቡ የእሱ እንዳልሆነ እያወቀ ነው የወሰደው? 300 ብር ቀሪ ሂሳብ ያለው ሰው በአንድ ሌሊት ስምንት ጊዜ አከታትሎ ካወጣ «አላወቅሁም» ማለት ይከብደዋል። ባንኩ የመለሰ ሰው በወንጀል እንደማይከሰስ አስታወቀ፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሦስት አራተኛ ያህሉ ተመለሰ። ያልመለሱ ከ500 በላይ ሰዎችን ስምና ፎቶ ደግሞ ይፋ አወጣ። እያንዳንዱ ዝውውር የሂሳብ ቁጥር፣ ሰዓትና ስም ይዞ ስለሚቀመጥ ሌሊቱን ሲሳቅበት የነበረው ሁሉ ጠዋት በዝርዝር ተጽፎ ይገኛል።

ተማሪዎችዎ ነገ የማያውቁት ገንዘብ ሂሳባቸው ላይ ቢያገኙ እንዲህ ያድርጉ። አይንኩት፤ ወደ ሌላ ሂሳብም አያዛውሩት። የንግድ ባንክ ከሆነ 951 ደውለው ያስመዝግቡ፤ ከዚያ ቅርንጫፍ ሄደው በጽሑፍ ያሳውቁና የተቀበሉበትን ቅጂ ይያዙ። «በስህተት ላኩልህ፣ በዚህ ቁጥር መልስልኝ» ብሎ ለሚደውል ሰው በቀጥታ አይመልሱ። ብዙ ጊዜ ገንዘቡ ጭራሽ አልገባም፤ የገባው ከተራ ስልክ ተጽፎ የባንክ መልእክት የተመሰለ አጭር ጽሑፍ ነው። መልእክቱን ሳይሆን በመተግበሪያው ቀሪ ሂሳብን ማየት ነው። ገንዘቡ በእርግጥ ገብቶ ከሆነም የሚመልሰው ባንኩ ይሁን።

ጥያቄ፦ የወንድሜ ልጅ በ2024 ቲክቶክ ላይ «የቼዝ ባንክ ግሊች» የሚለውን አይቶ ሞክሬዋለሁ ይለኛል። ሁሉም ሲያደርገው ነበር ነው የሚለው። ነገሩ ምን ነበር? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ «ግሊች» (የሥርዓት ብልሽት) ያሉት ያረጀ የቼክ ማጭበርበር ነው፤ አዲሱ ነገር ዘፈንና ጭፈራ መታከሉ ብቻ ነው። አሜሪካ ውስጥ ቼክ በኤቲኤም ሲያስገቡ ባንኩ ከሌላው ባንክ አጣርቶ ሳይጨርስ የተወሰነውን ገንዘብ እንዲያወጡ ይፈቅዳል። ቼኩ ስንቅ እንደሌለው ወይም ሐሰተኛ እንደሆነ የሚታወቀው ከቀናት በኋላ ነው። ቪዲዮዎቹ ያስተማሩት በዚያ ክፍተት ትልቅ ቼክ ለራስ ጽፎ፣ አስገብቶ፣ ጥሬ ገንዘቡን ይዞ መሄድን ነበር። ብር የሚበትኑት ቪዲዮዎች ሚሊዮኖች አዩዋቸው። ሂሳባቸው በአሥር ሺዎች ዶላር ከዜሮ በታች ወርዶ የሚያለቅሱት የመጡት ከቀናት በኋላ ነው፤ እነሱም ለመሳቂያ ሆኑ።

በጥቅምት 2024 መጨረሻ (በፈረንጆቹ) ባንኩ በተለያዩ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ክስ መሥርቷል። የሂዩስተኑ ክስ እንደሚለው ጭምብል ያደረገ ሰው በአንድ ደንበኛ ሂሳብ 335,000 ዶላር ሐሰተኛ ቼክ አስገብቷል፤ ባንኩ ከደንበኛው ከ290,000 ዶላር በላይ ጠይቋል። የሰው ቼክ በራስዎ ካርድ እንዲገባ ከፈቀዱ ዕዳው በስምዎ ነው ማለት ነው።

ልጁን የሚጠብቀው ሦስት ነገር አለ። ሂሳቡ ይዘጋል፤ ቼክስሲስተምስ በሚባለው መዝገብ ውስጥ ገብቶ እስከ አምስት ዓመት ሌላ ባንክ ሂሳብ ላይከፍትለት ይችላል። ባንክ ማጭበርበር በፌዴራል ሕግ እስከ 30 ዓመት የሚያስቀጣ ወንጀል ነው፤ ለትንሽ ገንዘብ እዚያ ድረስ አይኬድም፣ ክሱ ግን ይኖራል። ለእኛ ሰዎች ከሁሉ የሚከፋው ሦስተኛው ነው፦ ዜግነት ያልወሰደ፣ ግሪን ካርድ ያለው ሰውም ቢሆን፣ ከ10,000 ዶላር በላይ ጉዳት ባደረሰ ማጭበርበር ከተፈረደበት በኢሚግሬሽን ሕግ ከከባዶቹ ወንጀሎች ተቆጥሮበት ከአገር ሊያስወጣው ይችላል። ባንኩ ሳይደውልለት ዕዳውን በክፍያ ውል ለመዝጋት ይነጋገር። ጥፋተኛ ነኝ የሚል ወረቀት ከመፈረሙ በፊት ግን የወንጀል ብቻ ሳይሆን የኢሚግሬሽን ጠበቃም ያማክር። የለጠፈው ቪዲዮ ካለ አጥፍቶ ማስረጃ ሰወረ ከመባሉ በፊት ስለ እሱም ጠበቃውን ይጠይቅ።

ጥያቄ፦ የባለቤቴ እናት የዕቁብ ዕጣቸውን በሙሉ አንድ የቴሌግራም «ኢንቨስትመንት» ውስጥ ሊያስገቡ ነው። በቀን 3 በመቶ ይከፍላል። ግሩፑ በየቀኑ «ወጣልኝ» በሚል ስክሪንሾት ይሞላል። እኔ ስቃወም «አንቺ ምቀኛ ነሽ» ተባልኩ። እሳቸውም 500 ብር አስገብተው 560 አውጥተዋል። እንዴት ላሳምናቸው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ በካልኩሌተር ይጀምሩ፤ ክርክር አይፈልግም። በቀን 3 በመቶ እየተጠራቀመ ለአንድ ዓመት ቢሄድ 1,000 ብር ከ48 ሚሊዮን ብር በላይ ይሆናል። እንዲህ ያለ ሥራ ያለው ሰው የአማትዎን ዕቁብ ምን ያደርግለታል?

ያቺ የ60 ብር ትርፍ የመጣችው ከንግድ አይደለም፤ ከእሳቸው በኋላ ከገባ ሰው ነው። የመጀመሪያዎቹ መከፈላቸው የማጭበርበሩ ዋና ወጪ ነው፤ ማስታወቂያ ከማሠራት ይረክሳል፣ የሚመሰክሩትም እውነተኛ ጎረቤቶች ናቸው። ስለዚህ «ትንሽ አስገብቼ አውጥቼ ሞክሬዋለሁ» ምንም አያረጋግጥም። የሚያረጋግጠው ይህ ነው፦

ገንዘቡ የሚገባው በማን ስም ነው? ወደ ግለሰብ ሂሳብ ወይም ወደ ቴሌብር ቁጥር ከሆነ፣ በተለይም ስሙ በየሳምንቱ የሚቀያየር ከሆነ፣ ሌላ መመርመር አያስፈልግም። ከሕዝብ ተቀማጭ መሰብሰብ የሚችለው ከብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ያለው ብቻ ነው፤ የኢንቨስትመንት ሰነድ የሚሸጥ ደግሞ በኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን መታወቅ አለበት። የሚያሳዩት የንግድ ፈቃድ ቢሆን፣ እውነተኛም ቢሆን፣ የሰው ገንዘብ ለማሰባሰብ አይበቃም፤ «አስመጪና ላኪ» የሚል ፈቃድ ስንት ጊዜ ለዚህ ሲውለበለብ ታይቷል። «ሰው ካመጣህ ኮሚሽን አለህ» የሚለው ጨዋታ ደግሞ በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የተከለከለው የፒራሚድ ሽያጭ ዓይነት ነው። አማትዎ ዘመድ ካስገቡ ከተጎጂነት ወደ ተጠያቂነት መንሸራተታቸው ነው፤ ከገንዘቡ ይልቅ ይህ ያስደነግጣቸው ይሆናል።

ስክሪንሾቶቹንም ቀረብ ብለው ይዩ። የንግድ ባንክ ዝውውር መለያ ቁጥሩ «ኤፍቲ» ብሎ ይጀምራል፤ በአምስት የተለያዩ ሰዎች ደረሰኝ ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር፣ ወይም ቁጥሩ በጣት ተሸፍኖ፣ ወይም የአኃዞቹ ቅርጽ ከጎናቸው ካለው ጽሑፍ ተለይቶ ያገኛሉ። ቻናሉ 60,000 አባል እያለው አንድ ጽሑፍ 400 ሰው ብቻ ካየው አባላቱ የተገዙ ናቸው። ግሩፑ ውስጥ «የወጣልኝ የለም፣ ለምን?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ይጻፍና ምን እንደሚሆን ይጠብቁ። በደቂቃዎች ውስጥ ጽሑፉም ሰውየውም ከጠፉ፣ ግሩፑ የሚያሳየው የተረፉትን ምስክርነት ብቻ ነው።

ገንዘቡ ገብቶ ከሆነ ሰዓት ወሳኝ ነው። ወዲያው ለላኩበት ባንክ ወይም ለቴሌብር 127 ደውለው የተቀባዩ ሂሳብ እንዲታገድ ይጠይቁ፤ ገንዘቡ ሂሳቡ ላይ ከቆየ ተስፋ አለ፣ ወደ ክሪፕቶ ከተቀየረ ግን በጣም ይጠባል። ቀጥሎ ፖሊስ ጋ በጽሑፍ ማመልከት። ቴሌግራም ላይ ሌላው ወገን የተጻጻፋችሁትን ከሁለታችሁም ስልክ ማጥፋት ስለሚችል፣ ከመጨቃጨቃችሁ በፊት ሁሉንም ፎቶ አንሱ። ከሳምንት በኋላ «የተበላብህን አስመልስልሃለሁ፣ አስቀድመህ ክፈል» የሚል ሰው ይመጣል። እሱ ያው ቡድን ነው፣ ወይም የተጎጂዎችን ዝርዝር ከእነሱ የገዛ።

አንድ ነገር እንጨምር። እንዲህ ያለ ወሬ ሲወጣ ኮሜንቱ ሁሉ «ስግብግብ ስለሆኑ ነው፣ ይበላቸው» ይላል። አጭበርባሪ ከዚህ የተሻለ ጠበቃ አያገኝም። የተበላው ሰው ይህን አንብቦ ዝም ይላል፤ ማመልከቻ ያልቀረበበት ወንጀል አይመረመርም፤ ቡድኑም በሌላ ስም ሌላ ግሩፕ ይከፍታል። አማትዎ የተበሉ እንደሆነ «አላልኩም?» የምትለዋን ቃል ቢያንስ ማመልከቻው እስኪገባ ዋጥ ያድርጓት።

ጥያቄ፦ ፌስቡክ ላይ የተዋወቅሁት አበሻ ገንዘብ በአካውንቴ አልፎ ለሌላ ሰው እንድልክለት፣ ከመቶ አምስት እንድይዝ ጠየቀኝ። ወንጀል አለው? (ከዱባይ)

መልስ፦ አለው። የሚያልፈው ገንዘብ የተጭበረበረ ሰው ገንዘብ ሲሆን ፖሊስ መጀመሪያ የሚያገኘው የእርስዎን ስም ነው፤ ሰውየው የሚከፍልዎት ለዚህ ነው። እምቢ ይበሉ፤ ካርድዎንና የሚስጥር ቁጥርዎን ሰጥተው ከነበረ ዛሬውኑ ለባንኩ ያሳውቁ። በእንግሊዝ ያሉ አንባቢዎቻችንም ይወቁት፦ እዚያ የወንጀል ገንዘብ በሂሳብ ማሳለፍ እስከ 14 ዓመት ያስቀጣል፤ ሲፋስ በሚባለው የማጭበርበር መዝገብ ላይ የሚያርፈው ምልክትም ለስድስት ዓመት ይከተላል።

ጥያቄ፦ የ17 ዓመት ልጄ ኢንስታግራም ላይ ብርና መኪና የሚያሳዩ ሰዎችን ነው የሚከታተለው። «ከየት አመጡት?» ስለው «ምን አገባህ፣ አራዳ ናቸው» ይለኛል። ከዚያ ደግሞ ታይላንድ የኮምፒውተር ሥራ አለ የሚል የቴሌግራም ማስታወቂያ አሳየኝ። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ሁለቱ ነገሮች ይገናኛሉ። ለመጀመሪያው የናይጄሪያዊውን ራሞን አባስን ታሪክ ይንገሩት፤ «ሐሽፓፒ» በሚል ስም ዱባይ ተቀምጦ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ተከታይ ነበረው። ሰኔ 2020 (በፈረንጆቹ) እዚያው ተያዘ፤ ኅዳር 2022 አሜሪካ ውስጥ 11 ዓመት ከ3 ወር ተፈረደበት። የገንዘቡ ምንጭ የድርጅቶችን ኢሜይል መጥለፍና ማጭበርበር ነበር። መርማሪዎች ማንነቱን ለማረጋገጥ ከተጠቀሙባቸው ነገሮች አንዱ ያው ኢንስታግራሙ ነው። ተከታዮቹ የሚያዩት መኪናውን ነው፤ ገንዘቡ የተወሰደባቸው ሰዎች ግን ፎቶው ውስጥ የሉም። ልጅዎን «ሌባ ታደንቃለህ» ብለው ቢጮሁበት ይዘጋብዎታል። አንዱን ገጽ አብራችሁ ከፍታችሁ ምን እንደሚሸጥ ፈልጉ፤ አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻው «ኮርስ ግዛ» ወይም «ቻናሌን ተቀላቀል» የሚል ሊንክ ነው።

የታይላንዱ ማስታወቂያ የበለጠ ያሳስበናል። በእንዲህ ዓይነት ማስታወቂያ ተስቦ ባንኮክ ያረፈ ሰው በመኪና ወደ ድንበር ተወስዶ ወንዝ ተሻግሮ ማይንማር፣ ማያዋዲ አካባቢ ባሉ የታጠሩ ግቢዎች ይገባል። እዚያ ፓስፖርቱ ተወስዶ፣ በሐሰተኛ የፍቅርና የክሪፕቶ መልእክት ሰው እንዲያታልል ይገደዳል፤ የተባለውን ያህል ካላመጣ ይደበደባል። የካቲት 2017 ዓ.ም. ከእነዚህ ግቢዎች ወጥተው ወደ ታይላንድ ከተሻገሩት ከ250 በላይ ሰዎች መካከል ከግማሽ በላዩ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። የማስታወቂያው ምልክት ይህ ነው፦ የሥራ ልምድ አይጠየቅም፣ ደመወዙ በዶላር ነው፣ ቲኬቱን አሠሪው ይቆርጣል፣ ቪዛው የጎብኚ ነው፣ የድርጅቱ ስምና አድራሻ ደግሞ «ስትደርስ ይነገርሃል»። በጎብኚ ቪዛ ለሥራ የሚሄድ ሰው ገና ከመነሻው ሕጋዊ ከለላ የለውም።

ጥያቄ፦ የሰፈራችንን ሰዎች ያጭበረበረ ሰው አለ። ፎቶውን «ሌባ» ብለን ቲክቶክ ላይ ብንለቀው ምን ችግር አለው? ንግድ ባንክስ አድርጎት የለም? (ከአዳማ)

መልስ፦ ባንኩ በእጁ የዝውውር መዝገብ ነበረው፤ እሱም ቢሆን ከፍርድ በፊት ፎቶ መለጠፉ ብዙ ክርክር አስነስቷል፣ እኛም አልወደድነውም። እናንተ ደግሞ ምናልባት ያላችሁ ስምና የፕሮፋይል ፎቶ ነው፤ ሁለቱም የተሰረቁ የሌላ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ። ያልበላውን ሰው ካዋረዳችሁ በኋላ የማስተካከያ ቪዲዮውን የሚያየው ጥቂት ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው እስኪፈረድበት ንጹሕ ሆኖ የመቆጠር መብት ሰጥቶታል፤ ስም ማጥፋት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 613፣ በኮምፒውተር ሲሆንም በአዋጅ 958/2008 ያስጠይቃል። እንዲህ ሆኖ ተበዳዮቹ ተከሳሽ የሚሆኑበት ጊዜ አለ። ለምርመራውም አይበጅም፤ ፎቶውን ያየ አጭበርባሪ ሂሳቡን አራግፎ ስልኩን ይጥላል።

ይልቅ የተጎዱትን አሰባስቡ። አንድ ሰው 4,000 ብር ተበላሁ ብሎ ሲሄድና ሃያ ሰው በአንድ ማመልከቻ ሲቀርብ የሚሰጠው ትኩረት አይገናኝም። እያንዳንዱ ሰው በአንድ ገጽ ላይ የላከበትን ቀንና ሰዓት፣ መጠኑን፣ የተቀባዩን ሂሳብ ቁጥርና ስም፣ የዝውውሩን መለያ ቁጥር ይጻፍ፤ የባንክ መግለጫውን ማኅተም አስመትቶ ያያይዝ። ስክሪንሾት ሲያነሱ ከላይ ያለው ስም፣ ቀኑና የተጠቃሚ መለያው ይታይ፤ ተቆርጦ የቀረበ ምስል ብዙ ጥያቄ ያስነሳል። የአጭበርባሪውን ገጽ ሊንክ ቀድታችሁ ጻፉ፤ ስሙን ነገ ስለሚቀይረው የስሙ ፎቶ ብቻ አይበቃም። ሰፈሩን ማስጠንቀቅ ከፈለጋችሁም ዘዴውን ጻፉ፦ ምን ብሎ እንደሚቀርብ፣ ምን እንደሚያሳይ፣ በየትኛው ደረጃ ገንዘብ እንደሚጠይቅ። ያመለከታችሁበትን ፖሊስ ጣቢያና የመዝገብ ቁጥሩን ከሥሩ አስፍሩ፤ ያልመጡት ተጎጂዎች ወደዚያው እንዲመጡ።